ሞግዚትና ምርቃት

በሐይቁ ዳር ከተማ አራስ ልጅ ከስሙ በፊት ሞግዚት ይሰጠዋል። ሞግዚት በላብራቶሪ የተገራ ቫይረስ ነው፤ በሕፃኑ አፍንጫ ውስጥ ይኖርና ሳንባ የሚያፍኑትን ክፉ ቫይረሶች ያባርራል። እናቶች «የልጄ ሞግዚት ገባችለት?» ብለው ሲጠይቁ የሚገረም የለም።

ትርሲት ሆስፒታል ውስጥ የሕፃናቱን ትንፋሽ በመሣሪያ ታነባለች። ዛሬ የያፌት ትንፋሽ ግራ አጋባት። ልጁ አየር አጥሮት ደረቱ ወደ ውስጥ ይሰረጎዳል፤ መሣሪያው ግን «ሞግዚት ብቻ» ይላል።

«ውሸታም!» አለችውና የቫይረሱን ዘረመል እስከ ጫፍ ድረስ እንዲያነብ አዘዘችው።

ፊተኛው ግማሽ በእርግጥ ሞግዚት ነው። ኋለኛው ግማሽ ግን የክፉ ቫይረስ ነው። ሁለቱ አንድ ሴል ውስጥ ተገናኝተው ዘረመላቸውን ተቀያይረዋል፤ የልጁም ሰውነት የሚያውቃት ሞግዚት መስላው በሩን ከፍቷል። ትርሲት ፈራች። የከተማው ሕፃን ሁሉ ይህንኑ በር ይከፍታል።

መድኃኒቱን አስቀየረችና ወደ እናትየው፣ ወደ ማሕደር ዞረች።

«ልጁን የሳመው ሰው አለ?»

«ኧረ ማንም! እኔ እንኳ በጭንብል ነው።»

«ያቀፈውስ?»

«ማንም አልኩሽ እኮ! አባባ ብቻ ናቸው፣ እትፍ እትፍ ብለው መረቁት።»

የሆስፒታሉ የአራሶች ደንብ መሳምን ይከለክላል፤ ማቀፍንም ይከለክላል። ምርቃትን ከክልክል የሚቆጥር ሰው ግን ከየት ይምጣ? ደንቡን ያረቀቀችው ራሷ ትርሲት ነበረች።

አያትየው አቶ ጉተማ ኮሪደሩ ላይ ጋቢ ተከናንበው ተቀምጠዋል። ትንሽ ጉንፋን ይዟቸዋል፤ ለእርሳቸው ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም። ባትነግራቸው በወደደች። ግን ሌሎች የልጅ ልጆችም አሏቸው። አጠገባቸው ተቀምጣ ሁሉንም ነገረቻቸው።

«በእኔ ምራቅ?» አሉ።

«አላወቁም፣ አባባ። እኛም አላሰብነውም።»

ከሰዓት በኋላ የያፌት ደረት ረጋ። ትርሲት እየሮጠች ወጥታ አበሠረቻቸው፤ ሽማግሌው አለቀሱ። እሷም ሳታስበው፣ ከልጅነቷ እንደለመደችው፣ ራሷን ዝቅ አድርጋ ምርቃት ጠበቀች።

አቶ ጉተማ እጃቸውን አነሱ። ወዲያው ግን አፋቸውን በጋቢያቸው አፈኑት።

«አይ፣ ልጄ። አንቺ ወደ ሕፃናቱ ትመለሻለሽ።»

ትርሲት እንዳጎነበሰች ቆየች። እሷና ባልደረቦቿ ቫይረስን ከሕፃን ጋር ማኖር ችለዋል። አሁን ገብታ ደንቡ ላይ አንድ መስመር ልትጨምር ነው፤ አያቶች እትፍ እያሉ ሕፃናትን እንዳይመርቁ የሚከለክል።