የጣሳዋ ዘይት ነገር

መኪናዋ በዕድሜ ከመካኒኩም ከልብስ ሰፊዋም ትበልጣለች። የመኪናዋ ባለቤት፣ የልብስ ሰፊዋ አባት፣ ዕድሜ ልካቸውን ሾፌር ነበሩ። ዓይናቸው ሲደክም መሪውን ለልጃቸው ለቀቁ እንጂ መኪናዋን አልለቀቁም። ከልጃቸው ጎን ተቀምጠው «ማርሽ ቀይሪ» ይላሉ፤ እሷ ግን ቀድማ ቀይራለች።

ያን ቅዳሜ ጋራዡ በር ላይ ሲደርሱ መኪናዋ ሰማያዊ ጭስ አስከትላ ነበር። መካኒኩ ከሌላ መኪና ስር ወጥቶ ቀና ሲል ከልብስ ሰፊዋ ጋር ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙና፣ በእጁ የነበረውን ካቻቪቴ የት እንዳደረገው ጠፋው። ኋላ ከገዛ ኪሱ ተገኘ።

«ምን ሆነችብዎት?» አላት።

«እርስዎ የሚባሉት አባቴ ናቸው» አለች፣ በአገጯ ወደ መኪናዋ እያመለከተች። «እኔን አንቺ በለኝ። ዘይት ትጠጣለች፣ ጭስ ትተፋለች። ወንድሜ ደግሞ ካልተሸጠች ብሎ ይጨቀጭቀናል። አባዬ መኪናዋ ከሄደች ከቤት የሚወጣበት ምክንያት የለውም።»

መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ አንድ ወፍራም የጎማ ቱቦ አሳያት። «ያረጀ ሞተር ትንፋሹ ዘይት ይዞ ነው የሚወጣው። ትንፋሹ በዚህ ቱቦ ተመልሶ ወደ አየር መግቢያው ሲሄድ ዘይቱም አብሮ ገብቶ ይቃጠላል። መሃል ላይ አንዲት ጣሳ ብናስገባ ዘይቱ እዚያ ይቀራል፣ አየሩ ያልፋል። ርካሽ ናት።»

«ርካሽ ነገር ይሠራል እንዴ?»

«ባዶዋን አትሠራም። ውስጧ ዕቃ ማጠቢያ ሽቦ እጠቀጥቅባታለሁ፤ ዘይቱን የሚይዘው እሱ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ከት ብላ ሳቀች። «ሰማህ አባዬ? የድስት መፈተጊያችንን ለመኪናህ ሊያበላት ነው።»

አባቷ ሳቋን ሲሰሙ አንገታቸውን ወደ እሷ አዞሩ።

መካኒኩ ቱቦውን ከመሃሉ ቆርጦ ጣሳዋን አሰረ። ሲጨርስ አየውና አፈረ። መግቢያውንና መውጫውን አቀያይሮ ገጥሞታል፤ በሥራ ዘመኑ እንዲህ አድርጎ አያውቅም። እሷ መብራት ይዛለት በጣም ተጠግታ ቆማ ነበርና እጁ ከአእምሮው ጋር አልተስማማም። ፈትቶ እንደገና ሠራው። እሷም መሃል ላይ የስፌት ሱቋ የት እንደሆነ ነገረችው፤ እሱ ግን ስለ ቱቦው ማውራቱን ቀጠለ።

«በወር አንዴ ከታች ያለችውን ብሎን ፈታ አድርጋችሁ ማፍሰስ ነው። እዚህ ድረስ መምጣት አያስፈልግም» አላቸው። ወዲያው ምላሱን ነከሰ። ማን ጠየቀው?

እነሱ ግን በሳምንቱ መጡ። አባትየው «ጣሳዋ ከብዳለች» አሉ።

መካኒኩ ብሎኗን ፈቶ ዘይቱን በሳህን ተቀበለ። ከሞተር ትንፋሽ የሚጠራቀም ዘይት ጥቁር ነው፣ ውሃ የቀላቀለ፣ የሚሸት። ይህኛው ግን ማር የመሰለ፣ ገና ከሱቅ የወጣ ነው። አሸተተው፣ በጣቶቹ መካከል አሸው። ግራ ገባው።

«መጥፎ ነው?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

ሰው የቀዳው ዘይት እንደሆነ መናገር ነበረበት። ከተናገረ ግን ነገሩ አለቀ፣ እሷም አትመጣም። «በሚቀጥለው ሳምንት መልሳችሁ አምጧት» አለ፣ ፊቷን ሳያይ።

ሳምንቱን ሙሉ ከራሱ ጋር ሲሟገት ሰነበተ። እሷ ትሆን የቀዳችው? እሷ ከሆነች ለምን? መልሱን እያወቀው ላለማመን ሌላ መልስ ይፈልጋል፤ ሲያጣ ደግሞ ደስ ይለዋል፣ ደስ ሲለው ይፈራል። አርብ ማታ ፀጉሩን ሊቆረጥ ገባ። ፀጉር አስተካካዩ «ሠርግ አለህ እንዴ?» ቢለው «መኪና አለብኝ» ሲል መለሰ።

ቅዳሜ ጣሳዋ ግማሽ ድረስ ይዛ መጣች። አሁን የፈሰሰው ዘይት ባለፈው ካየው ጋር አይመሳሰልም። ቀጭን ነው፤ እንደ ውሃ የጠራ። እንዲህ ያለ ዘይት የሚተነፍስ ሞተር በዓለም ላይ የለም። መካኒኩ ሳህኑን ወደ ብርሃን አዘንብሎ አየው፤ ይባስ ብሎ ግራ ተጋባ። ልብስ ሰፊዋ የጋራዡን ጣሪያ ትመለከታለች፤ ጣሪያው ላይ የሚታይ ነገር አልነበረም።

በዚህ መሃል ስልኳ ጮኸ። ወንድሟ ነው። አዳምጣ ስትጨርስ ፊቷ ጠቁሯል።

«በየሳምንቱ ጣሳ የሚሞላ ሞተር አልቆለታል ይላል። ገዥ አግኝቷል፤ ነገ መጥቶ ይወስዳታል።»

አባቷ ከወንበራቸው ሳይወርዱ እጃቸውን ዳሽቦርዱ ላይ ጣል አደረጉ፤ የታመመ ልጅ ግንባር እንደሚዳስስ ሰው።

መካኒኩ ዝም ቢል መኪናዋ ልትሄድ ነው። ቢናገር ደግሞ ከሁለቱ አንዱን ሊያሳፍር ነው። ያፈረ ሰው ተመልሶ አይመጣም።

«ሞተሩ ጤነኛ ነው» አለ በመጨረሻ። «ጣሳዋ ውስጥ ያለው ከሞተሩ የመጣ አይደለም። ሰው የቀዳው ነው። ባለፈው ሳምንትም አውቄያለሁ።»

«አውቀህ ዝም አልክ?»

«ዝም አልኩ።»

«ለምን?»

እጁን በጨርቅ ጠረገ። ጨርቁ ከእጁ ይልቅ የቆሸሸ ነበር። «እንድትመጪ ፈልጌ» አለ።

ከዚያ አባትየው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«በሉ እኔን ስሙኝ። የቀዳሁት እኔ ነኝ። ይህችን መኪና በዳበሳ ፈትቼ እገጥማታለሁ፤ ጣሳ መክፈት አያቅተኝም። ልጄ፣ እናትሽ ካረፈች ወዲህ ሳቅሽን የሰማሁት እዚህ ጋራዥ ነው። ዓይኔ ቢደክም ጆሮዬ አልደከመም። ለሽያጭ የሚያበቃት አልመሰለኝም ነበር።»

ልብስ ሰፊዋ «አባዬ» ብላ በመስኮቱ እጃቸውን ያዘች።

«አባባ፣ ጣሳዋ ሞልታ ብትተርፍ እኮ ሞተሩ ስቦ ይጠጣው ነበር» አለ መካኒኩ።

«ይህንን ለሾፌር ትነግረዋለህ እንዴ? አውቄ ነው አንዴ ቀድቼ የተውኩት።»

«አንዴ?»

«አንዴ። ያለፈው ሳምንት። የሞተር ዘይት ነው፣ ደህናውን።»

መካኒኩ የያዘውን ሳህን አየ። ጣቱን ነክሮ አሸው። ይህን የመሰለ ዘይት የት እንደሚገኝ አሁን ገና ገባው፤ መርፌና ክር ባለበት ቤት ነው። ቀና ሲል ልብስ ሰፊዋ እስከ ጆሮዋ ቀልታለች።

«የስፌት ማሽን ዘይት ነው?»

«ታዲያ ሌላ ምን ዘይት አለኝ?» አለች።

ድምጿ መጀመሪያ ቁጣ ነበረው፤ ቁጣው ግን አልቆየላትም። «ሱቄ የት እንደሆነ የነገርኩህ እኮ እንድትመጣ ነው። በሩን እያየሁ ስንት ቀሚስ አበላሸሁ። አንተ የምታወራው ስለ ቱቦ ብቻ ነው። ሞልታ ስታይ ተመልሳችሁ ኑ ስላልከን፣ ካልሞላች ኑ አይለንም ብዬ ፈራሁ። የማደርገው ጠፍቶኝ ነው።»

«እኔም የማደርገው ጠፍቶኝ ነው» አለ መካኒኩ።

«ሁለታችሁም የጠፋችሁ ናችሁ። አሁን ለዚያ ልጅ ስልክ ደውሉለት» አሉ አባትየው።

መካኒኩ ራሱ ለወንድሟ አስረዳ። ሞተሩ ደህና እንደሆነ፣ ጭሷ እንደቀነሰ፣ ከተበላሸች ኃላፊነቱን እንደሚወስድ ነገረው። ወንድምየው ከዚያ ማዶ «ታዲያ ዘይቱ ከየት መጣ?» ሲል ተሰማ።

መካኒኩ አባትና ልጅን ተራ በተራ አያቸው። «ከቤተሰብ ነው» አለ። ገዥው ቀረ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ልብስ ሰፊዋ ብቻዋን፣ በእግሯ መጣች። መካኒኩ ከመኪና ስር ወጥቶ ከኋላዋ መኪናዋን ፈለገ።

«ምን ሆነች?»

«ደህና ናት። አባዬ ከጎረቤት ጋር ተቀምጦባት ሬዲዮ ይሰማል።»

«ጣሳዋስ?»

«ባዶ ናት።»

ግራ ገብቶት «ታዲያ…» ብሎ ጀመረና አፉን ዘጋ። እሷም አልረዳችውም፤ ቆማ ታየዋለች።

«እጄን ልታጠብ» አለ። «ትጠብቂኛለሽ?»

«እጠብቃለሁ» አለች፤ የመሣሪያ ሣጥኑን ገፋ አድርጋ ተቀመጠች።