ከድንበር የተሻገረው ዜማ

በአርጋና መንግሥት፣ የንጉሥ ዘምባር የዘውድ በዓል በሚከበርበት ቀን፣ ክፉ ምልክት ታየ። በቤተ መንግሥቱ ሰማይ ላይ የሚዞሩት ወፎች አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ፤ ድምፅ ግን የላቸውም። አዝማሪዎቹ ንጉሡን ሊያወድሱ ሲነሡም ከአፋቸው የወጣው ባዶ ትንፋሽ ብቻ ነበር። ሕዝቡ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ወዲያው ከአዝማሪዎቹ አንዱ ዞር ብሎ ሚስቱን አያትና «አንቺ ደግሞ ማን ነሽ?» አላት። ከዚያ በኋላ የሳቀ አልነበረም።

ሁምባ ተመልሶ ነበር። ሁምባ ዜማ የሚበላ አውሬ ነው። ዜማውን ሲውጥ ከዜማው ጋር የተያያዘውን ሁሉ፣ ሰርጉንም ለቅሶውንም የሚወዱትንም ሰው፣ ከልብ ነቅሎ ይወስዳል።

አርጋና ሦስት አገር ናት። ደጋው ደራር በበገና ያንጎራጉራል፤ ቆላው ሸንጋ በከበሮና በጭብጨባ ይዘላል፤ የባሕሪት ሐይቅ ቀዛፊዎች ደግሞ ከጀልባ ጀልባ እየተቀባበሉ ይዘፍናሉ። ያንዱ አገር ዜማ ወደ ሌላው እንዳይሻገር ከጥንት ጀምሮ ሕግ ነበር። መንገደኛ ድንበር ላይ ካለው ምንጭ አፉን ሙሉ ውሃ ይይዛል፤ ማዶ ሲደርስ በዘበኞቹ ፊት ይተፋዋል። እንዲህ ከሆነ እያንጎራጎረ አይገባም ማለት ነው። ሀብታችንን ጠበቅን ብለው ይኩራሩ ነበር፣ ምስኪኖች! የጠበቁት ለሁምባ ነው። አንድ ዓይነት ዜማ ብቻ ያለውን አገር በአንድ ጉርሻ ይጨርሰዋል።

የመቅደሱ አረጋዊ አባ ኪሮን በዙፋኑ ፊት ቆሙ። «ጃንሆይ፣ ሁምባ የሦስቱንም አገር ዜማ ለምዶታል፤ ሳያኝክ ነው የሚወርድለት። ጉሮሮው ላይ የሚቆመው ሦስቱ የተዋለዱበት ዜማ ብቻ ነው። እንዲህ ያለው ደግሞ በአርጋና አልተወለደም።»

ከደራር በገና ደርዳሪዎች ኋላ የቆመችው ወጣቷ ዛሂና ቀና አለች። ግማሹ እንደተወለደ ታውቅ ነበርና። እናቷ ከሸንጋ ወደ ደራር የተዳረች ሴት ነበረች። በር ዘግታ የደራርን እንጉርጉሮ ከሸንጋ ጭብጨባ ጋር እያጋባች ለልጇ ትዘፍን ነበር። ሞተች፤ የቀረው ዜማው ነው። ዛሂና የእናቷ መልክ የሚመጣላት እሱን በለሆሳስ ስታንጎራጉር ብቻ ነበር። ለማንም ተናግራ አታውቅም።

ወጥታ ተናገረች። መኳንንቱ አጉረመረሙ፤ ንጉሡ እጁን አንሥቶ ዝም አሰኛቸው። አባ ኪሮን ግን ቀረብ ብለው «ልጄ፣ ሁምባ ቢሞት በሆዱ ያለው ሁሉ ለባለቤቱ ይመለሳል። ጉሮሮው ላይ የተሰነቀረው ግን አብሮት ይሰጥማል። መጀመሪያ የምትዘፍኚው አንቺ ነሽና፣ ዜማውም እናትሽም ከአንቺ ልብ ብቻ ይሄዳሉ» አሏት።

«አውቃለሁ፣ አባቴ» አለች። አላወቀችም፤ እንዲህ ያለውን አስቀድሞ ማን ያውቃል? «በአርጋና ምድርና በአባቶቼ አጥንት እምላለሁ! ዜማው በባሕሪት ቅብብል ሳይሞላ ወደ ቤቴ አልመለስም!»

ጎርዳ የሚባል የሸንጋ ከበሮ መቺ አብሯት ወጣ። በር የማይበቃው ግዙፍ ሰው ነበር። ምንም አልፈራም ይላል፤ ሲተኛ ግን ከበሮውን አቅፎ ነው። ወደ ባሕሪት ሲወርዱ ያለፉባቸው መንደሮች ሰው እያላቸው ባዶ ነበሩ። አንዲት ሴት ልጇ እግሯ ሥር ወድቆ ሲያለቅስ፣ የጎረቤት ፍየል እንደገባባት ዓይነት በቸልታ ታየዋለች። ጎርዳ ከዚያ ወዲያ መቀለዱን ተወ።

ድንበሩ ላይ አፋቸውን ውሃ ሞልተው መሻገር ጀመሩ። መሐል ላይ ነፋስ ሳይነፍስ ሸንበቆው ሁሉ ወደ አንድ ወገን ተኛ። አንድ ትልቅ ጥላ በላያቸው አለፈ። ዛሂና በድንጋጤ ውሃውን ዋጠችው።

«ትፊ!» አላት ዘበኛው። ምን ትትፋ?

እጇን ይዘው ወደ ቀዛፊዎቹ አለቃ ወደ እማማ ሸምጢ ወሰዷት። ፊታቸው የማይፈታ አሮጊት ነበሩ። «ውሃውን የዋጠ ሰው ዜማ ይዞ ገብቷል» አሉ። «ሕጋችን ያመጣኸውን እዚሁ በሽማግሌ ፊት ዘፍነህ አፍስስ ነው የሚለው። እምቢ ካልሽ ሐይቁ አለልሽ።»

«እማማ፣ እኔም ውጫለሁ!» አለ ጎርዳ።

«አንተማ ሆድህ ሐይቁንም ይችላል። ቁጭ በል!»

ዛሂና ወደ ሐይቁ ዞራ ቆመች። የእናቷን ገመና ሰው ፊት ልታወጣው ነው። ዓይኗን ጨፍና ጀመረች። ጎርዳ በደራር እንጉርጉሮ ውስጥ የአገሩን ጭብጨባ ሲሰማ ዕንባው መጣ፤ እጁ ሳያዘው ከበሮውን አገኘ። በጀልባ ላይ የነበሩት ቀዛፊዎች መቅዘፊያቸው ከምቱ ጋር መውደቅ ጀመረ። እማማ ሸምጢ ሊከለክሏቸው አፋቸውን ከፈቱ፤ የወጣው ግን የቀዛፊ ቅብብል ነበር። በዚያው ራሳቸውም ደነገጡ። ጀልባው ለጀልባው አቀበለ፤ ሐይቁ በሙሉ ዘፈነ። ያ ቅጽበት ደስ ይል ነበር። ዛሂና የእናቷን ዜማ በሌላ ሰው አፍ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር።

ከዚያ ውሃው ቀጥ አለ።

ሁምባ በጉም ውስጥ አፉን ከፍቶ መጣ። የሚታየው አፉ ብቻ ነበር፤ ከኋላው ጨለማ ነው። ዳር ያሉት ቀዛፊዎች አንድ በአንድ ድምፃቸው ይቋረጥ፣ እርስ በርስ እንደ ባዳ ይተያዩ ጀመር። ሰው የገዛ ትንፋሹ እንኳ አልሰማ አለው።

«አታቁሙ!» ብለው ጮኹ እማማ ሸምጢ።

ዛሂና ወደ ፊተኛዋ ጀልባ ዘለለች፤ ጎርዳ ተከተላት። የሁምባ አፍ ሥር ሲደርሱ እየዘፈነች ነበር። የመጀመሪያው መጎተት ደረቷን ሲይዘው የእናቷ እጆች ጠፉ። ቀጥሎ ሳቋ። ፈራች፤ ሞትን ሳይሆን ይህን ፈራች። ዝም ብትል ኖሮ የቀረው ይተርፍላት ነበር፤ ይህንንም አሳምራ ታውቃለች። «እማዬ፣ ይቅር በይኝ» አለችና ድምፅዋን ከፍ አደረገች። የእናቷ ስም ከአፏ ሲወጣ ተሰማት፤ ከዚያ ምን እንደወጣ አላወቀችም።

ሁምባ ዋጠ። እንጉርጉሮው ወረደለት፤ ጭብጨባው አደናቀፈው፤ የቀዛፊዎቹ ቅብብል ከዚህም ከዚያም ሲገባ ጉሮሮው ተዘጋ። ታነቀ፣ ተወራጨ፣ ውሃውን እስከ ሸንበቆው ወርውሮ ሰጠመ። በሦስቱም አገር ወፎች ጮኹ። በሩቅ መንደር ያቺ ሴት ልጇን ከመሬት አንሥታ አንገቱን እየሳመች አለቀሰች።

ወደ አገራቸው ሊመለሱ ሲነሡ ድንበሩ ላይ ውሃ የሚያስይዝ ዘበኛ አልነበረም፤ ዘበኛውም ጀልባ ላይ ወጥቶ ይዘፍናል። ዛሂና ዳር ቆማ አዳመጠች። ሁምባን እንደገደለች ታውቃለች፤ በምን እንደገደለችው ስታስብ ግን ልቧ ውስጥ ባዶ ቦታ ታገኛለች። ምቱን ለመያዝ ሞክራ አጨበጨበች፤ ሳተችው።

«ጎርዳ፣ ይህ ዜማ ከየት የመጣ ነው? እንዲህ የሚያምር ሰምቼ አላውቅም» አለችው።

የጎርዳ እጅ ከበሮው ላይ ቀረ። ታሪኩን ከእሱ የሰሙት እማማ ሸምጢ ናቸው የመለሱላት።

«አንዲት የሸንጋ ሴት ናት ያወጣችው፣ ልጄ። ለሴት ልጇ።»

«ታድላ!» አለች ዛሂና። «ለእኔም ታስተምሩኛላችሁ?»

አሮጊቷ ጀልባው ላይ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላት።

«ነይ፣ ቁጭ በይ» አሏት። «ከመጀመሪያው እንጀምር።»