ምንም ያልበቀለበት ከረጢት

ፈትለወርቅ የደም ባንኩን በር ከፍታ ስትገባ መጀመሪያ የሚቀበላት የመወዝወዣው ማሽን ድምፅ ነው፤ ደም የሚያረጋውን ፕላትሌት የያዙትን ቢጫ ከረጢቶች ሽው ሽው እያደረገ ሲያመላልስ፣ የበረኪናው ሽታና መስኮት የሌለው ክፍል ጨለማ አብረውት የሚወዛወዙ ይመስላሉ። ሥራዋ ከረጢቶቹን ወደ መብራት አንስታ ማየት፣ ናሙናቸውንም ባክቴሪያ ወደሚለየው መሣሪያ መስደድ ነው። ጤነኛ ፕላትሌት ሲነቀነቅ ውስጡ እንደ ጭስ ይሽከረከራል፤ የተበከለው ዝም ይላል።

ያን ቀን አንዱ ከረጢት እጇን ከገታች በኋላም መሽከርከሩን አልተወም። ጠረጴዛ ላይ አኑራው ወደ ግራ ብትራመድ ጭሱ ወደ ግራ ተሰበሰበ፤ ወደ ቀኝ ስትመለስ ተከተላት። ከታሸገው ላስቲክ ውስጥ ለዘመናት ተከድኖ የኖረ ጉድጓድ ሽታ መጣ። ወደ ኋላ ሸሸች።

መሣሪያው ግን ናሙናውን ቀናት አቆይቶ ምንም አልበቀለበትም ብሏል።

ሆስፒታሉ ፎቅ ላይ የደም ካንሰር የያዛት ትንሿ ሐመልማል ከአፍንጫዋም ከድዷም እየደማች ነበር። ለእሷ የሚሆን ሌላ ከረጢት አልነበረም። ሐኪሙ ደጋግሞ ደወለ። እናቷ እቴነሽ ደረጃውን በሩጫ ወርዳ በሩ ላይ ተደፋች።

«እህቴ፣ በእናትሽ ይዤሻለሁ። ያለችኝ እሷ ብቻ ናት።»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንዲሉ፣ ፈትለወርቅ ውስጧ እየጠረጠረ ፈርማ ሰጠች። ምስኪን መሣሪያ፣ የሚያውቀው የሚያድገውን ነው፤ አድጎ የጨረሰውን ከየት ያውቀዋል?

መድማቱ ቆመ። ሳምንት ሳይሞላ ልጅቷ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ መብላት ጀመረች፤ ስትበላም ስታርፍም ሰውነቷን ቀስ አድርጋ ወዲያና ወዲህ ትወዘውዛለች። እቴነሽ ፈትለወርቅን እጇን ጎትታ ወሰደቻትና ጉልበቷን ልትስም ጎነበሰች። ፈትለወርቅ አፈረች፣ ደስም አላት፤ ያን ሁሉ ፍርሃት የድካም ነው ብላ በራሷ ሳቀች።

እናትየው ምሳ ልታመጣ እንደወጣች ሐመልማል በጣቷ ጠራቻት። ፈትለወርቅ ጎንበስ ስትል ያ የጉድጓድ ሽታ ፊቷን መታት። ልጅቷ ከንፈሯን ወደ ፈትለወርቅ ጆሮ አስጠግታ፣ በደንብ እንዳደገ ልጅ በትሕትና ጠየቀቻት።

«ልጅቷ እዚህ ውስጥ ሆና እናቴን ጥሩልኝ እያለች ስትጮኽ እንቅልፍ ነሳችኝ፤ ዝም የሚያሰኛት መድኃኒት የላችሁም?»