ዘጠኝ ነጥብ ስምንት

ፈጠራ ነው የሚል ካለ መብቱ ነው። እኔ የምጽፈው ግን ዛሬ በራሴ ላይ የደረሰውን ነው። ስልኬ አሥራ አንድ ፐርሰንት ቀርቶታል፤ ስለዚህ አላንዛዛም።

ቅዳሜ ነው። ሱሉልታ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል። ዝናብ ይጥላል።

ሚንሃ እባላለሁ። ከወንድሜ ከከድሩ ጋር የቀለምና የሚስማር ሱቅ አለን። ከሱቁ ጀርባ የከድሩ ክፍል አለች። መግቢያዋ አንድ በር ብቻ ነው። እሱም እኔ ከምቀመጥበት ወንበር አጠገብ ነው። ይህን ያዙልኝ።

ከድሩ ኮሚክ ይሰበስባል። በሥዕል የሚተረኩትን የውጭ መጽሐፎች ማለቴ ነው። የሚገዛቸው ግን ለማንበብ አይደለም። ውጭ አገር እነዚህን የሚመረምሩ ሰዎች አሉ። ጥጉ ታጥፏል ወይ፣ ቀለሙ ለቋል ወይ እያሉ አይተው ከአሥር ነጥብ ይሰጡታል። ከዚያ በጠንካራ ፕላስቲክ ያሽጉትና ነጥቡን ከአናቱ ላይ ይለጥፋሉ።

ማሸጊያው ከተሰበረ ነጥቡ አበቃ። ዋጋውም አብሮ።

ባጃጁን ሸጦ አምስት ገዛ። አምስቱም አንድ ዓይነት። ሽፋናቸው ላይ፣ ቢጫ ክፍል ውስጥ፣ ጀርባውን ሰጥቶ የቆመ ሰው አለ።

አምስቱም ዘጠኝ ነጥብ ስምንት ናቸው።

ማዶ ያሉት አናጢ ኦቦ ዳዲ ይስቁበት ነበር።

«ከድሩ፣ አነበብከው?»

«አይነበብም ኦቦ። ታሽጓል።»

«ወይ ጉድ! ላም ገዝቶ አለማለብ!»

እሱ አይሰማም። የሱሉልታ እርጥበት ወረቀት ይበላል ብሎ መስኮቱን በፕላስቲክ ሸፈነ። ዳር ዳሩን በስኮች አሸገው። በየቀኑ ማሸጊያዎቹን በመነጽር ጨርቅ ይወለውላል። ቀስ ብሎ... በክብ... በክብ...

ባለፈው ሳምንት ከቡራዩ አንድ ገዢ መጣ። አገላብጦ አየና ሳቀ።

«ወንድሜ፣ ይሄ የትናንት ኅትመት ነው። የገዛው ሰው ሁሉ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንደ እንቁላል ነው የያዘው። ዘጠኝ ነጥብ ስምንት የሌለው ማን አለ? አሥር ስታገኝ ደውልልኝ።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ከድሩ በእንቅልፍ ልቡ እንኳ «አሥር» ይላል።

ዛሬ፣ ያልኳችሁ ሰዓት ላይ፣ ከክፍሉ እየሮጠ ወጣ።

«ሚንሃዬ! ሦስተኛው ላይ ሰውዬው ዞሯል!»

«ምን?»

«ፊቱ ይታያል! የኅትመት ስህተት ነው! እንደዚህ ያለ ስህተት ብርቅ ነው፣ ድነናል! ደግሞ ትንሽ እኔን አይመስልም?»

«ትናንት ዞሮ ነበር?»

ወደ ክፍሉ ዞሮ አየ።

«...ልብ አላልኩት ይሆናል።»

ሌላ ሰው ቢሆን ይሸሽ ነበር። እሱ ግን ፎቶ ሊያነሳው ተመልሶ ገባ። በሩንም ዘጋ።

አምስት ደቂቃ እንኳ አልሞላም። ስልኬ ጠራ።

ከድሩ ነው። ከበሩ ማዶ፣ ሦስት እርምጃ ላይ ሆኖ ይደውላል።

«ሚንሃ...» በሹክሹክታ። «ክፈቺልኝ።»

«ክፍት ነው እኮ።»

«አይከፈትም።»

«አትቀልድ።»

«ወላሂ አይከፈትም...»

ተነስቼ ገፋ አደረግኩት። በሩ በቀላሉ ተከፈተ።

ክፍሉ ባዶ ነው።

አምስቱ ኮሚኮች ጠረጴዛው ላይ ተደርድረዋል። የመስኮቱ ስኮች አልተነካም። በስልኬ ግን ትንፋሹ ይሰማኛል።

«የት ነህ?»

«ክፍሌ ውስጥ።»

«እኔም ክፍልህ ውስጥ ነኝ።»



«ሚንሃ... ይሄ ግድግዳ መቼ ነው ቢጫ የተቀባው?»

ወደ ጠረጴዛው ቀረብኩ። አራቱ ላይ ሰውዬው ጀርባውን እንደሰጠ ነው። ሦስተኛው አይታይም። ማሸጊያው በጉም ተሸፍኗል። በእጅጌዬ ጠረግኩት። አልለቀቀም።

ጉሙ ከውስጥ ነው።

ከዚያ አንድ ጣት... ከውስጥ... ጉሙ ላይ መስመር አሰመረች።

ወደ ሱቁ ሮጬ ከመደርደሪያው መዶሻ ይዤ ተመለስኩ።

«ልሰብረው ነው!»

«አይሆንም!» ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኸ። «ነጥቡ ይጠፋል!»

«አንተ ጠፍተህ?!»

«ቆይ... ሌላ መንገድ ይኖራል። ስህተት ያለበት እኮ እሱ ብቻ ነው...»

እጄ ቆመ። አልዋሻችሁም፣ ቆመ። ባጃጁ ትዝ አለኝ።

ከዚያ ድምፁ ሰለለ።

«ሚንሃ... አየሩ እያለቀ ነው።»

«ልስበረው?»

መዶሻውን ከፍ አደረግኩ።

«ከድሩ!»

«...ስበሪው።»

ቢስሚላህ ብዬ መታሁት። ሦስት ጊዜ። ፕላስቲኩ ተሰነጠቀ። ስልኩም ተቋረጠ።

ወረቀቱን አወጣሁት። ደረቅ ነው። ሽፋኑ ላይ ሰው የለም። ቢጫ ክፍል ብቻ።

ወጥቷል፣ አልሐምዱሊላህ። መዶሻውን ጠረጴዛው ላይ ትቼ ልፈልገው ወደ በሩ ዞርኩ።

ክፍት ትቼው የገባሁት በር ተዘግቷል። እጀታው አልዞር አለኝ።

በእግሬ ደበደብኩት። ኦቦ ዳዲን ጮኼ ተጣራሁ። ድምፄ ከግድግዳው ተመልሶ ወደ እኔ መጣ። ያኔ ነው የዝናቡ ድምፅ መቆሙን ያስተዋልኩት።

ግድግዳው... ስገባ ነጭ ነበር።

ጠረጴዛው የለም። ኮሚኮቹ የሉም። መዶሻውም የለም። የመስኮቱ ፕላስቲክ ብቻ አለ። አሁን ግን ግድግዳውን ሙሉ ሸፍኗል፣ በትንፋሼም ጉም እየለበሰ ነው።

ይህን ሁሉ የጻፍኩላችሁ እዚሁ መሬት ላይ ተቀምጬ ነው። ሦስት ፐርሰንት ቀርቶኛል።

ቅድም ከፕላስቲኩ ማዶ ድምፅ ሰማሁ። ጨርቅ ነው። ቀስ ብሎ... በክብ... በክብ...

እኔም በበኩሌ ጉሙን በመዳፌ ጠረግኩት።

ከድሩ ነው። ፊቱ ግድግዳውን ሞልቶታል። ከኋላው ጠረጴዛው ላይ መዶሻው ይታየኛል።

ደወልኩለት። አነሳው።

«ስበረው» አልኩት። «ከድሩዬ፣ አየሩ...»

እያየኝ አይደለም። ዓይኑ ከጭንቅላቴ በላይ ነው። ማሸጊያው ላይ ነጥቡ የሚለጠፍበት ቦታ።

«አሥር...» አለ በሹክሹክታ።

ዞረና መዶሻውን አነሳ።

በክፍቱ በር ወደ ሱቁ ወሰደው። መደርደሪያው ላይ ቦታው መለሰው።

ከዚያ ጨርቁን ይዞ ተመለሰ።