አሥራ ዘጠነኛዋ አኻያ

ይህ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ያላመነ ይተወው፣ አልለምንም።

በቅድሚያ ግን አንድ ነገር ይታወቅልኝ... እኔ ኡልያና ፈሪ አይደለሁም። ከመንደራችን ሴት ልጆች ረግረጉን በጉም ብቻዋን የምታቋርጥ እኔ ብቻ ነኝ።

የኅዳር መጀመሪያ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት።

ቦታው ፒንስክ ከተማ አጠገብ፣ አባቶቻችን የሚነደውን ጥቁር አፈር ቆርጠው የጨረሱበት ረግረግ። አሁን ለማገዶ አኻያ ተተክሎበታል። እኔ ቁመት እለካለሁ። ብርዱንና ውሃውን ችሎ ቶሎ ላደገው ቀይ ጨርቅ ይታሰርለታል፣ ለዘር ይቀራል። ሌላው ይነቀላል።

አለቃዬ አጎቴ ካስቱስ ነው። "በትክክል ከለካሽ ቋሚ ሠራተኛ ትሆኛለሽ። ካልሆነ ወደ ላሞቹ" ብሎኛል።

ላሞቹን አልወዳቸውም። እነሱም አይወዱኝም።

የመጨረሻው ረድፍ፣ ሃያ አኻያ፣ ውሃ ውስጥ ነው። የግራ ቦት ጫማዬ ደግሞ ተረከዙ ላይ ሰማያዊ ጎማ ለጥፌበትም ውሃ ያስገባል።

ስለዚህ... ግድቡ ላይ ተቀምጬ፣ ዳቦና ጮማ እየበላሁ፣ የሃያውንም ቁመት ከጭንቅላቴ ፈጥሬ ጻፍኩ። ሁለት ሜትር ከአሥር። ሁለት ከአርባ። አሥራ ዘጠነኛዋ ላይ ቁጥር ሲያልቅብኝ የራሴን ቁመት ጻፍኩ።

አንድ ከስልሳ ሦስት።

አጎቴ መለኪያ ዘንጉን ይዞ ከጉሙ ውስጥ ብቅ አለ። ደብተሬን ተቀበለኝ።

"ነይ፣ ይህን ረድፍ አብረን እንየው።"

አለቀልኝ አልኩ።

የመጀመሪያዋን ለካ። "ሁለት ከአሥር። ትክክል።"

ሁለተኛዋን። "ሁለት ከአርባ። ጎበዝ!"

እኔ እኮ... አልለካሁም።

አምስተኛዋም ትክክል። አሥረኛዋም።

ወፍ የለም። ንፋስ የለም። የአኻያዎቹ ጫፍ ግን ይንቀጠቀጣል... ገና አሁን ማደግ እንዳቆመ ነገር።

"አጎቴ... እንመለስ።"

"ምነው ጀግናዋ?"

"በረደኝ።"

አሥራ ስምንተኛዋ። ትክክል።

ቀጣይዋ ጋ ጉሙ ወፍሯል። አጎቴ ዘንጉን አቆመ።

"ስንት ነው?" አልኩ በሹክሹክታ።

"አንድ ከስልሳ ሦስት።"

ቀዩን ጨርቅ ከኪሱ አውጥቶ አሰረላት።

"አጭር ናት እኮ! ትነቀል!"

"አትነቀልም።"

ጠጋ ብዬ አየሁ።

ቅርፊት የላትም።

ጀርባዋን ሰጥታናለች። ከላይ እርጥብ ሹሩባ። ከታች ውሃው ውስጥ ቦት ጫማ... የግራው ተረከዝ ላይ ሰማያዊ ጎማ።

እንዴት ግድቡ ላይ እንደወጣሁ አላውቅም። አጎቴ ቀስ ብሎ ተከተለኝ፣ ከዚያም ቀድሞኝ ወደ መንደር መንገድ ገባ። ጥቂት ሄደን ዞር አልኩ።

ቀዩ ጨርቅ ረድፉ ውስጥ የለም።

ግድቡ ላይ ነው። ዳቦዬን የበላሁበት ቦታ። በእኔ ቁመት ልክ።

"አጎቴ... እየመጣች ነው።"

"ትምጣ" አለኝ ሳይዞር። "እሷ ቢያንስ በራሷ ውሃው ውስጥ ገብታለች። አንቺ ነገ ወደ ላሞቹ።"