የመካከለኛው ድንጋይ

ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ ወሩም ነሐሴ ነበር። ባሮ የደጋውን ዝናብ ጠጥቶ ሞልቷል፤ ቀይ ውሃው የተነቀለ ግንድ እየጎተተ የጋምቤላን ወደብ ያልፋል፤ ከዳር ከሚታዩት ሦስት ድንጋዮች ሁለቱን ውጦ የትልቁን አናት ብቻ አስቀርቷል። ወደቡ ከሱዳን አስተዳደር ወደ ንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ከተመለሰ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። በሌላ ጊዜ ቢሆን በዚህ ወር ከካርቱም የሚመጡት የእንፋሎት መርከቦች ጭሳቸው ከታች በኩል ይታይ፣ ተሸካሚውም ወደ ወደቡ ይሽቀዳደም ነበር፤ ዘንድሮ ግን ጭስ የለም።

የቡና ነጋዴው ሐጂ ሙሐመድኑር ከአባታቸው በወረሱት መጋዘን ደጃፍ ቆመው በእጃቸው የያዙትን ቴሌግራም ለሦስተኛ ጊዜ አነበቡ። የመርከቡ ኩባንያ ቃል አጭር ነበር፤ አንድ ሺህ ጆንያ ቡና መኖሩ ካልተረጋገጠ መርከብ አይነሣም።

በዚያ ወራት ከአዲስ አበባ በጅማ በኩል የመጣው መንገድ የደጋው ቡና ወደሚሰበሰብባት ጎሬ ደርሶ ነበር። የጭነት መኪና ኪራዩ ከመርከብ ይበልጣል፤ ጭቃም ይይዘዋል፤ ነገር ግን አንድ ነጋዴ ሌላውን ሳይጠብቅ ጭኖ ይሄዳል። መርከብ ደግሞ ብዙ ሰው ካልተስማማለት ለአንድ ሰው ብሎ አይመጣም። ያ ብዙ ሰው በየዓመቱ አንድ በአንድ ይቀንስ ጀመር፤ ሲቀንስም የቀረው ይሰጋል፤ የሰጋውም ተከትሎ ይሄዳል። ሐጂ ይህን እንደ ሕመም ያውቁት ነበር።

በቅሎ አስጭነው ወደ ጎሬ ወጡ። መጀመሪያ የገቡት ከአቶ አለማየሁ ቤት ነው።

«ሐጂ፣ እኔ ወንዙን መቼ ጠላሁት፤» አሉ አቶ አለማየሁ ወንበር እየሳቡላቸው። «ሌሎቹ ያውርዱና እኔም አወርዳለሁ።»

ሁለተኛውም ይህንኑ አለ፤ ሦስተኛውም። ዘጠኝ ነጋዴ፣ አንድ ቃል። ወንዙን የጠላ አንድም አልነበረም፤ ቀድሞ ለመነሣት ግን የደፈረ ጠፋ። ሚዛን አጉድለው የማያውቁት ሐጂ ሙሐመድኑር በዚያ ቀን ተመልሰው ለአቶ አለማየሁ «ሌሎቹ ስምንቱ ቃል ሰጥተውኛል» አሉ፤ ለሁለተኛውም ያንኑ ደገሙ፤ እንዲህ እያሉ ዘጠኙን አዳረሱ። ውሸቱ ራሱን እውነት የሚያደርግ መስሏቸው ነበር። ከዚያም «ሺህ ጆንያ ዝግጁ ነው» ብለው ቴሌግራም መቱ።

መርከቡ መስከረም ሲያልቅ መጣ። ከተማው ሁሉ ወጥቶ ተቀበለው፤ ከፊት ለፊት መሪው ኦጅዋክ ቆሟል። ኦጅዋክ የባሮ ዳር አኙዋክ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ መርከቦችን በአሸዋው መካከል ሲመራ አንዱንም አሸዋ ላይ አላስቀመጠም፤ የትኛውም ካፒቴን እሱ ሳይፈቅድ ገመድ አይፈታም። የሚያነበው ከሦስቱ መካከለኛውን ድንጋይ ነው። ድንጋዩ ሲሰጥም መርከብ ይመጣል፤ ጀርባው ብቅ ሲል በዚያው ቀን ይወርዳል። አማርኛን ከወደብ ስለተማረ ሰውን ሁሉ «አንተ» ይላል፤ ሐጂም በአሥር ዓመት ቢበልጡትም ከእሱ አፍ ሲሰሙት ደስ ይላቸው ነበር።

መርከቡ ቆሞ ቢጠብቅ፣ ከደጋው የሚወርድ በቅሎ የለም። ጥቅምት በገባ በሳምንቱ ማለዳ ኦጅዋክ ወደ መጋዘኑ መጣ።

«ሐጂ፣ የመካከለኛው ድንጋይ ጀርባ ወጣ። መርከቡ ዛሬ ይውረድ።»

«ሦስት ቀን ብቻ፤» አሉ ሐጂ። «ካፒቴኑ የሚሰማው የአንተን ቃል ነው። ውሃው ይበቃል በልልኝ።»

«ድንጋዩ አይበቃም ይላል።»

«ባዶውን ከወረደ ዳግመኛ አይመጣም። ያን ጊዜ እኔስ ምን እነግዳለሁ፤ አንተስ ምን ትመራለህ?»

ኦጅዋክ ወንዙን አየ፤ ሐጂንም አየ። «አንተ፣ በቅሎዎቹ ይመጣሉ ትላለህ?»

«ቃል ሰጥተውኛል።»

ኦጅዋክ ከዚያ በላይ አልጠየቀም። ሄዶም ለካፒቴኑ ውሃው ሦስት ቀን ይቆያል አለ፤ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ድንጋዩ ያላለውን ሲናገር ያ የመጀመሪያው ነበር።

በሦስተኛው ቀን ከደጋው ሰባ ጆንያ ብቻ ወረደ። አጋሰስ ነጂው ጌዴዎን ጭነቱን እያራገፈ ነገሩን ተናገረ፤ ነጋዴዎቹ ጎሬ ገበያ ላይ ተገናኝተው «አንተ መቼ ቃል ሰጠህ?» ተባብለው ነበር፤ ቡናውም በዚያው ሰዓት መኪና ላይ ወጥቷል። ሐጂ ሰባውን ጆንያ መርከቡ ላይ አስጫኑ።

መርከቡ ሲወርድ በወንዙ ቁልቁል ካለው ከኢታንግ በታች አሸዋ ላይ ወጣ፤ ሆዱ ተቀደደ፤ ቡናውም በሰበሰ። ሰው አልሞተም። ነገሩን እንዲያጣራ የታዘዘው ግራዝማች አሸብር በወደቡ ዋርካ ሥር ጠረጴዛ አስወጥቶ ኦጅዋክን ጠየቀ።

«ውሃው ይበቃል ያለው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ያዘዘህ ሰው አለ?»

ኦጅዋክ ከሽማግሌዎቹ መካከል ወደተቀመጡት ሐጂ ዞሮ አየ። ሐጂ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ፤ አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚጠበቅባቸው፤ አልተናገሩትም። «ውሃውን የማነበው እኔ ነኝ፤» አለ ኦጅዋክ፤ ግራዝማችም ጻፈ።

ከዚያ ወዲያ መርከብ አልመጣም፤ ለሐጂ ሙሐመድኑር መጋዘንም ጠባቂ አላስፈለገም፤ የሚጠበቅ ነገር አልነበረምና። ተሸካሚዎቹ ወደየመንደራቸው ተበተኑ፤ ሱቆቹም አንድ በአንድ ተዘጉ። የወንዙ ዳር ልጆች ግን ሌላ ነገር አወሩ፤ መርከቡን ኦጅዋክ አሸዋ ላይ አወጣው፤ ኦጅዋክ አረጀ። ሐጂ ይህን በሰሙ ቁጥር ተነሥተው ይሄዱ ነበር። ሁለት ዓመት እንዲህ ኖሩ።

በሁለተኛው ዓመት ክረምት ወደ ኦጅዋክ መንደር ሄዱ፤ ከደጃፉም ተቀምጦ መረብ ሲጠግን አገኙት። «ኦጅዋክ፣ የነጋዴዎቹ ቃል የእኔ ፈጠራ ነበር። መርከቡን የሰበርኩት እኔ ነኝ፤» አሉት።

«አውቃለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ጌዴዎን ሲናገር እኔም እዚያ ነበርኩ።» መረቡን አስቀመጠ። «አንድ ነገር ግን አላውቅም። ዋርካው ሥር ለምን ዝም አልክ?»

ሐጂ አለቀሱ።

«አሁን ሂድ፤ ለጻፈው ሰው ንገረው፤» አለ ኦጅዋክ።

ሄዱ። ግራዝማች አሸብር ወደ ሌላ አውራጃ ተዛውሮ ነበር፤ በእሱ ቦታ የተተካው ወጣት ጸሐፊ በትሕትና አዳምጧቸው ሲያበቃ፣ ጉዳዩ ተዘግቶ ወረቀቱ አዲስ አበባ መሄዱን ነገራቸው። «ደግሞስ ሐጂ፣ መርከብ የለ፤ አሁን ማን ይጠይቃል?» አላቸው።

በእርግጥም የጠየቀ አልነበረም። ዘመኑ መኪናን መርጦ አለፈ፤ ኦጅዋክም ሆነ ሐጂ ባያጠፉ እንኳ መርከቡ መቅረቱ አይቀርም ነበር። ትልቁን ነገር፣ መንገድ ወንዝን ማሸነፉን፣ ታሪክ በትክክል ያዘ። የወንዙን ንግድ ፍጻሜ ምክንያት ግን ያ ወረቀት በአንዲት መስመር ደመደመው፤ «በመሪው ስሕተት» ይላል። ኦጅዋክ እስኪሞት ድረስ በየዓመቱ ወደ ወደቡ እየወረደ መካከለኛውን ድንጋይ ያይ ነበር፤ ጀርባው ብቅ ባለ ቀንም ወደ ሐጂ መጋዘን ሄዶ «መርከብ የሚወርደው ዛሬ ነው» ይላቸዋል። ሐጂም ተነሥተው ያመሰግኑታል።