ታቢታና የጋሽ ደበሌ ሲባጎ

ልጆች፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። ከኋላ ያላችሁም ወደ ፊት ኑ። ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አንዲት የእናንተ ቢጤ ልጅ ነው።

ስሟ ታቢታ ነው። ዕድሜዋ ዘጠኝ ዓመት ሲሆን አዋሳ ውስጥ፣ ከሐይቁ ብዙም በማይርቅ ሰፈር ትኖር ነበር። አባቷ መምህር ታምሩ ሒሳብ አስተማሪ ናቸው። እናቷ ወይዘሮ ብርቅዬ ይባላሉ። አያቷ አቶ ሽበሺም አብረዋቸው ይኖራሉ። ታቢታ አያቷን «አባባ» ብላ ነው የምትጠራቸው።

አባባ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ቢሆንም በምርኩዝ እየተደገፉ ከጓሮ በር ወጥተው ፀሐይ መሞቅ ይወዱ ነበር። የሐይቁን ወፎች ድምፅ ከዚያ ሆነው ይሰማሉ። ዝናብ ሲጥል ግን ጓሮው ጭቃ ይሆናል። አንድ ቀን አዳለጣቸውና ወደቁ። ከዚያ ወዲህ ውለው የሚያመሹት ቤት ውስጥ፣ መስኮት ሥር ሆነ።

ይህ የታቢታን አባት ከነከናቸው። «በሩ ፊት ለፊት በድንጋይ የተነጠፈ በረንዳ እንሥራ» አሉ። ማስመሪያና እርሳስ አንሥተው በካሬ ደብተር ላይ ሣሉት። አባባም በምርኩዛቸው እየጠቆሙ፣ «ወንበሬ እዚህ ጋ ትሁን። እዚያ ጋማ ነፋሱ ጆሮዬን ይበላኛል» አሉ። ሁሉም ሳቁ።

ያኔ ሲሚንቶ እንደ ልብ አይገኝም ነበር። በቀበሌ ደብዳቤ፣ ተራ ተጠብቆ ነው የሚገኘው። የታቢታ አባት ከጥቅምት እስከ የካቲት ጠብቀው ስድስት ከረጢት ብቻ አገኙ። ሲሚንቶ ደግሞ ታውቃላችሁ፣ አንዴ ውሃ ነክቶት ከደረቀ ድንጋይ ነው! «ተሳስቻለሁ» ብሎ መመለስ የለም።

ስለዚህ ጥሩ ግንበኛ መምረጥ ያስፈልግ ነበር። መጀመሪያ የመጣው ወጣት ነው። ጓሮውን ከበሩ ላይ ሆኖ አየና፣ «በሁለት ቀን ጨርሼ አስረክባችኋለሁ!» አለ።

«ውሃውስ? ዝናቡስ?» አሉ እናቷ።

«ውሃ መንገድ መች ይጠፋዋል፣ እትዬ!»

በማግስቱ ጋሽ ደበሌ መጡ። ጺማቸው የሸበተ፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው። ጓሮውን ሁለት ጊዜ ዞሩት። አፈሩን ዘግነው አሹት። ከዚያ፣ «ሲዘንብ ውሃው ከየት ነው የሚመጣው? ወዴትስ ነው የሚሄደው?» ብለው ጠየቁ። ቀጥለውም፣ «እዚህ የሚቀመጠውስ ማን ነው?» አሉ።

«እኔ ነኝ!» አሉ አባባ ከመስኮቱ።

«እንግዲያው አራት ቀን ስጡኝ።»

እናቷ ወደ አባቷ ጆሮ ጠጋ ብለው፣ «እኚህን እንያዝ» አሉ። ተያዙ።

ጋሽ ደበሌ ሥራቸውን የጀመሩት በልክ ነው። ከበሩ ወደ ጓሮው ጫፍ ችካል ተከሉና ሁለት ሲባጎ ጎን ለጎን ወጠሩ። ውሃ ልካቸውንም አወጡ። ውሃ ልክ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ? ቀጥ ያለ እንጨት ነው። መሐሉ ላይ ትንሽ ብርጭቆ አለ፣ በብርጭቆው ውስጥ ፈሳሽ፣ በፈሳሹም ውስጥ አንዲት የአየር እንክብል። እንክብሏ መሐል ከቆመች ነገሩ ልክ ነው፤ ወደ አንድ ጎን ከሮጠች ያ ጎን ከፍ ብሏል ማለት ነው። በረንዳ ደግሞ ሜዳ ይመስላል እንጂ ሜዳ አይደለም! በቤቱ በኩል ጥቂት ጣት ያህል ከፍ ይላል፤ አለበለዚያ ዝናቡ ቤት ይገባል። ዓይን አያየውም፤ እንክብሏ ግን ታያለች። ጋሽ ደበሌም በእሷ እየለኩ ሲባጎዎቹን በቤቱ በኩል ከፍ አደረጓቸው።

ጋሽ ደበሌ ሲመሽ ሊሄዱ ሲሉ ታቢታን ጠሩ።

«ልጄ፣ ይህን ሲባጎ አደራ። ወፍ ቢያርፍበት እንኳ እሽ ብለሽ አባሪልኝ።»

«እሺ፣ ጋሽዬ።»

ሄዱ። ታቢታ ሲባጎዎቹን አየቻቸው። ከመሬት ከፍ ብለው፣ ጎን ለጎን፣ ውጥር ብለዋል። ልጆች፣ ምን እንደመሰላት ገምቱ እስቲ! ሱዚ! ሱዚ ለመዝለል ሁለት ልጆች ገመዱን በእግራቸው መያዝ አለባቸው፣ አይደል? ቶሎም «ደከመኝ፣ ተራዬ ነው» ይላሉ። ችካል ግን አይደክመውም፤ ተራም አይጠይቅም።

«አንዴ ብቻ» አለች።

አንዴ ዘለለች። ሁለቴ ዘለለች። በአምስተኛው እግሯ ሲባጎው ላይ ተጠለፈና ወደቀች። በበሩ በኩል ያሉት ሁለት ችካሎች ተነቅለው ወጡ። ድንጋይ አንሥታ በየቀዳዳቸው እየመታች መልሳ ተከለቻቸው። መታቻቸው፣ መታቻቸው፤ ከበፊቱ ይበልጥ ጠለቁ፤ ሲባጎውም አብሮ ዝቅ አለ። እሷ ግን «ያው ናቸው» ብላ እጇን አራግፋ ገባች።

በማግስቱ ጋሽ ደበሌ ሲባጎውን ተከትለው ድንጋዩን ማንጠፍ ጀመሩ። ትናንት ለክተውታልና እንደገና አልለኩም። ሁለት ቀን ሙሉ ጎንበስ ብለው ዋሉ። ሲሚንቶው ከመበጥበጡ በፊት ግን፣ «እስቲ ውሃ አምጡ፣ እንሞክረው» አሉ።

የታቢታ አባት አንድ ባልዲ ውሃ አፈሰሱ። ውሃው ትንሽ አሰበና ወደ ጓሮው በመሄድ ፈንታ ወደ ቤቱ ዞረ። በበሩ ሥር ገብቶ አባባ እግር ሥር ደረሰ።

ጋሽ ደበሌ ውሃ ልካቸውን ድንጋዩ ላይ አስቀመጡ። እንክብሏ ወደ ጓሮው በኩል ሮጠች። ዓይናቸውን በእጅጌያቸው ጠርገው ደግመው አዩ።

«የለካሁ ዕለት እኮ መልካም ነበረች» አሉ ቀስ ብለው። «እንጃ፣ መልካም መስላኝ ይሆናል። ዓይኔ ነው። ዓይኔ ከድቶኛል።»

«አይዞዎት፣ ጋሽ ደበሌ፣ እናስተካክለዋለን» አሉ የታቢታ አባት።

«ተዉ፣ መምህር። ያላችሁ ሲሚንቶ ስድስት ከረጢት ነው። እኔ ላበላሽባችሁ አይገባም። የሚያይ ሰው ፈልጉ።» መዶሻቸውን ከረጢታቸው ውስጥ ከተቱ። ውሃ ልካቸውን ግን ደጃፉ ላይ ተዉት። «ይህን ለሚመጣው ግንበኛ ስጡልኝ። ለማያይ ሰው ምን ያደርጋል?»

ታቢታ በሩ ጀርባ ቆማ ነበር። «ማንም አልጠየቀኝም» አለች በልቧ። «ካልጠየቁኝ ደግሞ አልዋሸሁም።» እናንተስ ምን ትላላችሁ? እንዲህ ስትል ጋሽ ደበሌ ግድግዳውን በእጃቸው እየዳበሱ ሲወጡ አየቻቸው። ትናንት እንዲህ አይሄዱም ነበር። ዓይናቸውን ማመን ትተው ነበር።

ታቢታ ከዚያ በላይ አልቻለችም። ውሃ ልኩን አንሥታ ሮጠች። የፈረስ ጋሪዎች ከሚቆሙበት የመንገድ ጥግ ላይ ደረሰችባቸው።

«ጋሽዬ! ዓይንዎ አይደለም! ዓይንዎ ደህና ነው! እኔ ነኝ!»

«ምን አልሽ?»

«ችካሉን ነቀልኩት። ሱዚ ዘልዬበት ነው። ከዚያ በድንጋይ መትቼ መለስኩት። ፈርቼ ዝም አልኩ።» እያለቀሰች ነበር።

«ሱዚ ደግሞ ምንድን ነው?»

ታቢታ እንባዋን ሳትጠርግ መንገዱ ላይ ዘልላ አሳየቻቸው። ጋሽ ደበሌ ከረጢታቸውን አስቀመጡ። ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ሳቁ። ሳቁ ሳቁና ዓይናቸው እንባ ሞላ።

«እኔ እኮ ዛሬ ለሚስቴ ምን ብዬ እንደምነግራት እያሰብኩ ነበር። ‹ጸሐይወርቅ፣ ከእንግዲህ እጄን ይዘሽ ምሪኝ› ልላት ነበር።» እጃቸውን ራሷ ላይ ጫኑ። «ዓይኔን መለስሽልኝ፣ ልጄ። ጥፋቱም የአንቺ ብቻ አይደለም። ጠዋት ደግሜ መለካት ነበረብኝ።»

አብረው ተመለሱ። ታቢታ ለአባቷና ለእናቷ ሁሉንም ተናገረች። አባቷ ተቆጡ፤ ቁጣ የሚገባ ነበርና። «ድንጋዩ ሲነቀል አንቺም ትሸከሚያለሽ» አሉ። ተሸከመች። ሁለት ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ትንንሾቹን ድንጋዮች እያነሣች ለጋሽ ደበሌ አቀበለች። እሳቸውም ሲባጎውን ጠዋትም ማታም ለኩት። ታቢታንም እየጠሩ፣ «እስቲ እንክብሏን አንቺም እዪልኝ» ይሏት ነበር።

ሲሚንቶው ደረቀ። ውሃውም ወደ ጓሮው ወረደ። ምርኩዛቸውን ይዘው መጀመሪያ የወጡት አባባ ናቸው። ጋሽ ደበሌን ከጎናቸው አስቀመጡና፣ «ጌታ እጅዎንም ዓይንዎንም ይባርክ» ብለው መረቋቸው። ታቢታም «አሜን!» አለች፤ ከሁሉም ጮክ ብላ።

ልጆች፣ ያጠፋችሁትን ሳትጠየቁ ቶሎ ተናገሩ፤ እናንተ ዝም ስትሉ ሸክሙን የሚሸከመው ያላጠፋው ሰው ነውና።